የከተማችን ሃርበርማስተር ቢሮ፦ ማሳቹሴትስ ውስጥ ትንሽ ጀልባ ላለው ወይም ሊገዛ ላሰበ ሰው

ከቦስተን በስተደቡብ ባለች አንዲት ትንሽ የባህር ዳርቻ ከተማ ነው የምንኖረው። የከተማዋን ስም አልጠራም፣ ምክንያቱም ቅሬታም አለኝ፣ ቢሮው ውስጥ ያሉት ሰዎች ደግሞ ጥቂት ስለሆኑ ስሟን ከጠራሁ ማን ማን እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል። ሪቪው የማደርገው የሃርበርማስተሩ (የወደቡ ኃላፊ) ቢሮ የሚሰጠውን አገልግሎት ነው፣ ማለትም የጀልባ ማውረጃው ራምፕ፣ ዶኩ (ጀልባ የሚጠጋበት መድረክ)፣ ሙሪንጉ (ጀልባ ውሃው መሃል የሚታሰርበት)፣ ፍሳሽ የምትመጥጠው ጀልባ እና ሰዎቹ ራሳቸው። ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቻለሁ፣ አንዷ ለምን እንደጎደለች እመጣበታለሁ።

ይሄን ለመጻፍ የተነሳሁት ብዙ የኛ ሰዎች ወደብ አጠገብ እየኖሩ ውሃው ላይ የመውጣት መብት እንዳላቸው ስለማያውቁ ነው። ያን ሁሉ ነጭ ጀልባ ሲያዩ የሃብታሞች ክለብ ይመስላቸዋል፣ መኪና አቁመው ፎቶ ተነስተው ይሄዳሉ። እዚህ ስቴት ግን ከቅኝ ግዛት ዘመን፣ ከ1640ዎቹ ጀምሮ (እ.ኤ.አ. ነው፣ ሁሉም እንደዛው) የቆየ ህግ አለ፣ ውሃው ሲሞላ የሚሸፈነው ሲጎድል የሚገለጠው መሬት የግል ባለቤት እንኳ ቢኖረው ህዝቡ አሳ ለማጥመድ፣ ለወፍ አደን እና በጀልባ ለመንቀሳቀስ ሊጠቀምበት ይችላል። በ1866 ደግሞ ቻፕተር 91 የሚባለው ህግ ወጣ፣ ዳርቻው ላይ የሚሰራውን ነገር ሁሉ ከህዝብ ጥቅም ጋር የሚያያይዝ። ሃርበርማስተር ማለት እንግዲህ ይሄ የህዝብ የሆነው ውሃ በአግባቡ እንዲሰራ ከተማው የሚሾመው ሰው ነው፣ ስልጣኑም የስቴቱ ህግ ቻፕተር 102 ላይ ተጽፏል። ጀልባ የት እንደሚታሰር ይወስናል፣ መተላለፊያ የዘጋን ጀልባ ተነስ ይላል፣ ፍጥነት ይቆጣጠራል፣ ሰው ሲቸገር ይደርሳል። ኮስት ጋርድ የፌደራል ነው፣ ኢንቫይሮንመንታል ፖሊስ የስቴቱ ነው፣ ሃርበርማስተሩ ግን የከተማው ስለሆነ ስልክ ስትደውሉ የሚያነሳው ወደባችሁን እንደ ቤቱ ጓዳ የሚያውቅ ሰው ነው።

ሌላው ሰው የማያውቀው ነገር፣ ጀልባ ካላችሁ ለዚህ አገልግሎት ቀድማችሁ እየከፈላችሁ ነው። በየአመቱ የጀልባ ኤክሳይዝ ታክስ ይመጣል፣ ከተገመተው ዋጋ በየ1000 ዶላሩ 10 ዶላር ነው፣ ግምቱ ደግሞ ከ50,000 ዶላር ስለማያልፍ ከፍተኛው 500 ዶላር ነው። ከዚህ ገንዘብ ግማሹ ከተማው ለወደብና ለውሃ መንገድ ብቻ ወደሚጠቀምበት ፈንድ ይገባል፣ ዶክ ለመጠገን፣ ደለል ለማስወጣት፣ ለሃርበርማስተሩ ስራ ማለት ነው። ስለዚህ ቢሮው ሄዳችሁ ስትጠይቁ ውለታ እየለመናችሁ አይደለም፣ ቀና ብላችሁ ጠይቁ።

ራምፑ

ራምፑ ኮንክሪት ነው፣ ሁለት መኪና ጎን ለጎን ያስገባል፣ መሃል ላይ ተንሳፋፊ ዶክ አለው፣ ጀልባዋን ለአፍታ አስራችሁ መኪናውን ከነትሬይለሩ ለማቆም የምትሄዱበት። ኮንክሪቱ በየአመቱ ጸደይ ላይ ይጸዳል፣ አረንጓዴው አልጌ እግር ያዳልጥ ነበር አሁን ደህና ነው። ግን አንድ ነገር እወቁ፣ ቦስተን አካባቢ ውሃው በሙላትና በጉድለት መሃል በአማካይ 9 ጫማ ተኩል ገደማ ልዩነት አለው፣ በቀን ሁለቴ ይሞላል ሁለቴ ይጎድላል፣ ስለዚህ ጠዋት ሙሉ ውሃ ላይ ያወረዳችሁት ራምፕ ከስድስት ሰአት በኋላ ስትመለሱ ሌላ ቦታ ነው የሚመስለው። ውሃው በጣም ሲጎድል የኮንክሪቱ ጫፍ ላይ ትደርሳላችሁ፣ ከጫፉ ወዲያ ጉድጓድ አለ ምክንያቱም ሰዎች ጀልባቸውን በሞተር እየገፉ ትሬይለር ላይ ሲያወጡ ፕሮፔለሩ አሸዋውን ይጭረዋል፣ የትሬይለር ጎማ እዛ ውስጥ ከገባ ለመውጣት መከራ ነው። ቢሮው ይሄን የሚያስጠነቅቅ ምልክት አቁሟል፣ የታይድ ሰንጠረዥም (ውሃው የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰአት የሚያሳይ) በሩ ላይ ይለጥፋል፣ ይሄ ትንሽ ነገር ብዙ ሰው አድኗል ብዬ አምናለሁ። ሙሉ ውሃ ከመሆኑ ሁለት ሰአት ቀድማችሁ ብትሄዱ፣ ከሞላ በኋላም ሁለት ሰአት ውስጥ ብትመለሱ ሁሉም ቀላል ነው።

ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ለምትሄዱ ደግሞ፣ ከመሬት ወደ ተንሳፋፊው ዶክ የሚያወርደው ድልድይ (ጋንግዌይ ይሉታል) ዶኩ ከውሃው ጋር ስለሚወርድ ውሃው ሲጎድል እንደ ደረጃ ቀጥ ይላል። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ ሙሉ ውሃ ላይ ሜዳ ላይ እንደምትሄድ ሆና ነው የተሻገረችው፣ በጉድለት ሰአት ግን በፍጹም አልሞክረውም። ረጅም ጋንግዌይ ቢሰሩ ቁልቁለቱ ይቀንስ ነበር፣ ለከተማው ስብሰባ ሄጄ ጠይቄያለሁ፣ እየታሰበበት ነው ተብያለሁ፣ እጠብቃለሁ።

ፓርኪንጉ ግን ያበሳጫል። የትሬይለር ቦታው ትንሽ ነው፣ በጋ ላይ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰአት ተኩል ካለፈ ቦታ የለም፣ ከዛ ባዶ ትሬይለር ጎትታችሁ ሰፈር ውስጥ ስትዞሩ ትውላላችሁ። ከዚህ የከፋው ደግሞ ትሬይለር የሌላቸው ተራ መኪኖች የትሬይለሩ መስመር ላይ ቆመው የሚቀጣቸው የለም። ሃርበርማስተሩ ስልጣኔ ውሃው ላይ ነው፣ አስፋልቱ የፖሊስ ነው ይላል፣ ፖሊስ ደግሞ የወደብ ጉዳይ ነው ይላል፣ ጀልባ የያዘው ሰው መሃል ላይ ቀረ። ከተማው ይሄን አንድ ቀን ቁጭ ብሎ መወሰን አለበት፣ ገንዘብ እንኳ አይጠይቅም።

የከተማው ራምፕ ሲሞላ ወይም የከተማው የራምፕ ስቲከር ከሌላችሁ ስቴቱ በሚያስተዳድራቸው ራምፖች መሄድ ትችላላችሁ፣ ኦፊስ ኦፍ ፊሺንግ ኤንድ ቦቲንግ አክሰስ የሚባል መስሪያ ቤት ነው በየሀይቁና በየባህር ዳርቻው የሰራቸው፣ የከተማው ነዋሪ ሁኑ አትሁኑ አይጠይቁም።

ሙሪንግ፣ ዋናው ነገር

ትሬይለር መጎተት ለሰለቸው ወይም ጀልባው ለመጎተት ትልቅ ለሆነበት ሰው ዶክ መከራየት በጣም ውድ ነው፣ የመካከለኛ ገቢ ሰው መውጫው ሙሪንግ ነው። ሙሪንግ ማለት ባህሩ ወለል ላይ የተቀመጠ ከባድ ነገር፣ ከሱ የሚነሳ ሰንሰለት፣ ላይ ላይ ተንሳፋፊ ኳስ፣ ጀልባችሁን እሱ ላይ ታስራላችሁ በትንሽ መመላለሻ ጀልባ (ዲንጊ) ትመላለሳላችሁ። ክብደቱ ሶስት አይነት ነው በብዛት የሚታየው። እንደ እንጉዳይ ቅርጽ ያለው ብረት አለ፣ እሱ ጭቃ ውስጥ እየሰመጠ ሲሄድ ነው የሚይዘው፣ ድንጋያማ ወይም ደረቅ አሸዋ ላይ ዋጋ የለውም። የግራናይት ብሎክ አለ፣ በክብደቱ ብቻ የሚይዝ፣ ግን ግራናይት ውሃ ውስጥ ሲገባ ከክብደቱ ከሲሶ በላይ እንደሚያጣ አስቡ፣ ደረቅ ላይ ሲያዩት የሚያስፈራ ድንጋይ ባህር ውስጥ ያን ያህል አይደለም። ሶስተኛው እንደ ብሎን ወለሉ ውስጥ የሚጠመዘዝ ሄሊክስ ነው፣ ጥንካሬው የተመሰከረለት፣ ለማስገባት ግን መሳሪያና ባለሙያ ይፈልጋል። የኛ ሃርበርማስተር እዚህ ላይ ነው ልቤን ያሸነፈው፣ የወደቡን ወለል በየአቅጣጫው ያውቀዋል፣ እዚህ ጋ ጭቃ ነው እንጉዳይ ይበቃሃል፣ እዛ ማዶ ጠጠር ነው ብሎክ አምጣ ይላል፣ የጀልባውን ርዝመትና ክብደት ጠይቆ ስንት ፓውንድ እንደሚያስፈልግ ከሰንጠረዡ አውጥቶ ይሰጣል፣ የሚሸጠው ነገር ስለሌለው ደግሞ ምክሩን ታምኑታላችሁ።

ሰንሰለቱ በየጥቂት አመቱ ወጥቶ እንዲመረመር ግዴታ ነው፣ ፈቃድ ያለው ሙሪንግ ሰራተኛ ያወጣዋል፣ ይለካዋል፣ እናንተ ሪፖርቱን ለቢሮው ታስገባላችሁ። አንዳንድ ሰው ይሄን የገንዘብ መሰብሰቢያ ነው ይላል፣ እኔ አልስማማም። ሰንሰለቱ የሚበላው ላይ ሳይሆን ታች ወለሉን እየነካ በሚነሳበት በሚወድቅበት ቦታ ነው፣ አሸዋው እንደ ሞረድ ነው የሚፈጨው፣ ላይ ያለው ደህና መስሎ ታች ያለው የጣት ውፍረት ቀርቶት ይገኛል። በማእበል ቀን አንድ ሰው ሰንሰለቱ ሲበጠስ የሚሄደው የራሱ ጀልባ ብቻ አይደለም፣ ነፋሱ በሚገፋበት አቅጣጫ ያለውን ጎረቤት ሁሉ እየጠረገ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ምርመራውን ጠበቅ ማድረጋቸው ደስ ይለኛል፣ እንደውም ይበልጥ ቢያጠብቁት።

አሁን ወደጎደለችው ኮከብ። የሙሪንግ መጠበቂያ ዝርዝር። ወደቡ ውስጥ ቦታው የተወሰነ ነው፣ እያንዳንዱ ጀልባ ነፋስ ሲዞር ሙሉ ክብ መዞሪያ ስለሚያስፈልገው አጠጋግቶ መጨመር አይቻልም፣ ስለዚህ ጥበቃው የአመታት ነው፣ ይሄን እረዳለሁ፣ በዚህ ስቴት ወደብ ባለበት ከተማ ሁሉ ያለ ነገር ነው። ያስከፋኝ ጥበቃው አይደለም፣ ያስከፋኝ ዝርዝሩን ለማየት ያለው ችግር ነው። የስቴቱ ደንብ ሙሪንግ የሚሰጥበት የጽሁፍ ስርአት እንዲኖር፣ ፍትሃዊ እንዲሆን፣ ሰው በመኖሪያ ቦታው ወይ በዘሩ ወይ በሃይማኖቱ እንዳይለይ ያዛል። የኛ ቢሮ ይሄን ይጥሳል አላልኩም፣ ግን ስንተኛ እንደሆናችሁ ለማወቅ በአካል ሄዳችሁ ወፍራም ማህደር እስኪገለጥ መጠበቅ አለባችሁ፣ ደግሞ በየአመቱ ዝርዝሩ ላይ ለመቆየት ትንሽ ክፍያ ያለው ደብዳቤ ይልካሉ፣ ደብዳቤው በፖስታ ብቻ ነው የሚመጣው፣ ቤት ቀይራችሁ ካልደረሳችሁ ስማችሁ ይሰረዛል፣ የጠበቃችሁት አመት ሁሉ ውሃ በላው። እዚህ አገር የመጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ አመታት ስንቴ ቤት እንደሚቀይር ታውቃላችሁ። ከዛው መስመር ላይ ያለ አንድ ወዳጄ በዚህ ምክንያት ተሰርዞ ከታች ጀመረ። ሌሎች ከተሞች ዝርዝሩን ኦንላይን አድርገውታል፣ ማንም ገብቶ ቁጥሩን ያያል፣ ማንም ማንንም አይጠረጥርም። ይሄን ቢያደርጉ አምስተኛዋን ኮከብ በደስታ እሰጣለሁ።

ማወቅ ያለባችሁ ሁለት ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። አንደኛ የሙሪንግ ፈቃድ የአንድ አመት ነው፣ ንብረት አይደለም፣ ጀልባ ስትገዙ ሻጩ ሙሪንጉ አብሮ ነው ካላችሁ አትመኑት፣ ፈቃዱ ከጀልባው ጋር አይሸጥም፣ በዚህ ሰበብ ጀልባ ላይ ዋጋ የሚጨምሩ ሰዎች አሉ። ሁለተኛ ሃርበርማስተሩ ቢከለክላችሁ ወይም ያልተመቻችሁ ግዴታ ቢጥልባችሁ ለስቴቱ ይግባኝ ማለት ትችላላችሁ፣ ጊዜው 30 ቀን ነው፣ ስለዚህ ዛሬ ነገ አትበሉ፣ ውሳኔውንም በጽሁፍ ጠይቁ።

ፍሳሽ የምትመጥጠው ጀልባ

ስለዚች ምንም ቅሬታ የለኝም። የማሳቹሴትስ የባህር ዳርቻ ውሃ ከ2014 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ፍሳሽ የማይጣልበት ክልል ነው፣ ከጀልባ ሽንት ቤት የሚወጣ ነገር የታከመ እንኳ ቢሆን መልቀቅ አይቻልም። ታዲያ ህጉን ብቻ አውጥተው አልተቀመጡም፣ ትንሽዬ ጀልባ አለች፣ በራዲዮ ቻናል 9 ትጠሯታላችሁ፣ ያላችሁበት መጥታ ቱቦ አስገብታ ታንኩን ባዶ አድርጋ ትሄዳለች፣ በነጻ። አብዛኛው ወጪ በፌደራል መንግስት ክሊን ቬስል አክት በሚባል ፕሮግራም ነው የሚሸፈነው። የሚሰሩባት ልጆች የበጋ ስራ ያገኙ የኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው፣ ስራው የሚያስጠላ ነው ግን አንዴም ፊታቸውን ሲያጠቁሩ አላየሁም፣ ጉርሻ ስጧቸው። ልጆቻችሁ የሚዋኙበት፣ ሰው ክላም (የሚበላ ባለ ዛጎል የባህር እንስሳ) የሚቆፍርበት ውሃ ንጹህ የሆነው በነዚህ ልጆች ጉልበት ነው።

ሰዎቹና ደህንነት

ባለፈው በጋ ከሰአት ላይ ከደሴቶቹ በኩል ስንመለስ ጉም ወረደብን፣ ጉም ስላችሁ የጀልባዋ አፍንጫ የማይታይበት፣ ልጆች ይዘናል። በራዲዮ ጠራሁ፣ ምክትሏ ሃርበርማስተር አነሳች፣ ድምጿ እርጋታው ብቻ ግማሹን ፍርሃት ወሰደልኝ። ያለሁበትን ቦታ ከጂፒኤሱ አነበብኩላት፣ ፍጥነት ቀንስ፣ ጡሩንባህን በየሁለት ደቂቃው ንፋ፣ ሁሉም ሰው ላይፍ ጃኬት ይልበስ አለችኝ፣ ከዛ በሰማያዊ መብራት መጥታ ከፊት እየመራች እስከ ዶኩ አደረሰችን። ስትመለስ ማንም ክፍያ አልጠየቀም፣ ንግግርም አላበዛችም፣ ልጆቹን ሰላም ብላ ወደ ስራዋ ሄደች። አራቱ ኮከብ የሷ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ግን ሃርበርማስተር ነጻ ታክሲ እንዳይመስላችሁ፣ ህይወት አደጋ ላይ ካልሆነ፣ ለምሳሌ ነዳጅ ካለቀባችሁ ወይም ባትሪ ከሞተ በተረጋጋ ቀን፣ ወደ ግል ጎታች ድርጅት ነው የሚመሯችሁ፣ እሱ ደግሞ በሰአት ስለሆነ ብዙ ብር ይጠይቃል፣ አመታዊ አባልነት መግዛት ይሻላል። የምር አደጋ ከሆነ ግን በራዲዮ ቻናል 16 ላይ ተጣሩ፣ እሱን ኮስት ጋርድም ሃርበርማስተርም ይሰማል። ስልክ ላይ ብቻ አትተማመኑ፣ ትንሽ ወጣ ስትሉ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ስልክ የሚሰማው ደግሞ የደወላችሁለት ሰው ብቻ ነው፣ ራዲዮ ግን አጠገባችሁ ያለው ጀልባ ሁሉ ይሰማል።

ህጎቹን በጥብቅ ያስከብራሉ፣ እኔ እደግፋለሁ። ከ12 አመት በታች ያለ ልጅ ጀልባዋ እየሄደች ላይፍ ጃኬት መልበስ አለበት። ካያክ ወይ ካኑ ላይ ደግሞ ከሴፕቴምበር 15 እስከ ሜይ 15 አዋቂም ቢሆን ይለብሳል፣ ምክንያቱም አየሩ ሞቆ ሜይ ላይ ቲሸርት የለበሰ ሰው የሚወድቅበት ውሃ ገና በረዶ ነው፣ እጅና እግር በደቂቃዎች ውስጥ ይደነዝዛል፣ ዋና መቻል አያድንም። ሙሪንግ፣ ራምፕ ወይ ዋናተኛ ባለበት 150 ጫማ ውስጥ ቀስ ብላችሁ ነው የምትሄዱት። ከ26 ጫማ ባነሰች ጀልባ ላይ ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ ሞተር ማጥፊያዋን ገመድ ከሰውነታችሁ ጋር ማያያዝ የፌደራል ህግ ሆኗል፣ ነጂው ቢወድቅ ሞተሩ እንዲቆም፣ አለበለዚያ ጀልባዋ ክብ እየዞረች የወደቀውን ሰው ራሱን ትመታዋለች። ደግሞ በ2025 መጀመሪያ የተፈረመ አዲስ የስቴት ህግ አለ፣ ሞተር ጀልባ የሚነዳ ሰው ሁሉ የደህንነት ኮርስ ሰርተፍኬት እንዲኖረው የሚያስገድድ፣ ከጃንዋሪ 1፣ 1989 በኋላ የተወለዱ እስከ ኤፕሪል 1፣ 2026፣ የቀረነው እስከ ኤፕሪል 1፣ 2028። ጊዜው አለ ብላችሁ አትተዉት፣ እኔና ባለቤቴ አብረን ነው የወሰድነው፣ ቀይና አረንጓዴው ቦይ (ውሃው ላይ የሚንሳፈፈው መንገድ ጠቋሚ) ምን ማለት እንደሆነ፣ ማን ለማን ቅድሚያ እንደሚሰጥ፣ ገመድ እንዴት እንደሚታሰር፣ ሁሉም የሚጠቅም ነው።

ካያክ ያላችሁ ቢሮው ጋ ስትሄዱ ስምና ስልክ የሚጻፍበት ስቲከር ጠይቁ። ባዶ ካያክ ተንሳፎ ሲገኝ ሰው ሰምጦ ሊሆን ይችላል ተብሎ ፍለጋ ይጀመራል፣ ጀልባ ሄሊኮፕተር ይንቀሳቀሳል፣ ስቲከሩ ካለ ግን ይደውሉላችኋል፣ ቤት ነኝ ነፋስ ነው የወሰደብኝ ትላላችሁ፣ በቃ አለቀ።

ቢሮውን ለመጠቀም ካሰባችሁ፣ በጋ ላይ ሁሉም ውሃ ላይ ስለሆኑ ቢሮው ብዙ ጊዜ ዝግ ነው፣ በራዲዮ ካልሆነ አታገኟቸውም። ጊዜ ኖሯቸው የሚያወሯችሁ ክረምት ላይ ነው፣ ተንሳፋፊ ዶኮቹ ወጥተው ግቢ ውስጥ ተደርድረው፣ ሰዎቹ ቦይ እየቀቡ። ያኔ ሂዱና ስማችሁን ሙሪንግ ዝርዝር ላይ አስገቡ፣ ጀልባ ባይኖራችሁም ብዙ ከተማ ይቀበላል፣ አመታት ስለሚወስድ ዛሬ መጀመሩ ይሻላል፣ ቤት በቀየራችሁ ቁጥር ደግሞ አዲሱን አድራሻ በጽሁፍ ስጧቸውና ኮፒውን ያዙ። የጀልባ መመዝገቢያው ሌላ ቦታ ነው፣ ኢንቫይሮንመንታል ፖሊስ ጋ፣ ሞተር ያለው ሁሉ ይመዘገባል፣ ሞተር የሌለው ካያክና ካኑ አያስፈልገውም። የራምፕ ስቲከር ለማውጣት ስትሄዱ የኛ ቢሮ ካርድ አይቀበልም፣ ቼክ ይዛችሁ ሂዱ።